የኢርፎን ግራፍ እንዴት ይነበባል? ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን እዩ

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልን ጥያቄ አለ፤ «በዚህ ብር የትኛው ኢርፎን ይሻላል?» የሚል። እውነቱን ለመናገር ዕቃ መጠቆም አንወድም። አንዱ የወደደውን ሌላው «ጆሮዬን በሳው» ይለናል። ከጥቆማ የሚሻለው ግራፉን ራሳችሁ ማንበብ መቻላችሁ ነው። ያ ዩቲዩብ ላይ የኢርፎን ሪቪው ስታዩ የምትዘሉት ጠመዝማዛ መስመር፣ አዎ እሱ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት በየሱቁ በተለጠፈበት አገር ሳይሰሙ መግዛት ቁማር ነው። ግራፉ ቁማሩን ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም፤ በጣም ያቀለዋል ግን።

መጀመሪያ ካርቶኑን እንርሳው። «ከ20 ሄርዝ እስከ 20,000 ሄርዝ» የሚል ጽሑፍ በ200 ብሩም ላይ አለ፣ በ20,000 ብሩም ላይ አለ። ይሄ ቁጥር የሰው ጆሮ በደህናው ጊዜ የሚሰማው ክልል ነው። ኢርፎኑ በዚያ ክልል ውስጥ የቱን ያጎላል፣ የቱን ይውጣል የሚለውን አይነግራችሁም። እሱን የሚነግራችሁ ግራፉ ብቻ ነው።

ግራፉ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው የድምፁ ቅጥነት ነው። ግራ ጫፍ ላይ ወፍራሙ ድምፅ፣ ቀኝ ጫፍ ላይ ቀጭኑ። ርቀቱ እኩል አይደለም፦ ከ100 እስከ 1,000 ያለው ቦታና ከ1,000 እስከ 10,000 ያለው ቦታ ወርዱ አንድ ነው፤ ጆሯችን የሚሰማው እንደዚያ ስለሆነ። ከ250 ሄርዝ በታች ያለውን ባስ እንበለው፤ ከበሮና ቤዝ ጊታር እዚያ ናቸው። የወንድ ንግግር መሠረቱ 100 ሄርዝ አካባቢ፣ የሴት 200 አካባቢ ነው። ቃሉን ቃል የሚያደርገው ግን በጣም ከፍ ብሎ ያለው ክፍል ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ» ስንል የሚወጣው የፉጨት ድምፅ በአብዛኛው ከ4,000 እስከ 10,000 ሄርዝ ውስጥ ይገኛል። ዘፋኙ «ስ» ባለ ቁጥር ጆሯችሁን የሚወጋችሁ ኢርፎን ካለ፣ ግራፉ እዚያ ሰፈር ላይ ተራራ ሠርቷል ማለት ነው።

በገና የሚሰማ ሰው ደግሞ ይሄን ልብ ይበል። የበገና ድምፅ ወፍራም ነው ብለን ባስ ብቻ እንፈልግለታለን። ጅማቱ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምትፈጥረው ያ ንዝረት፣ «ዝዝዝ» የሚለው፣ ግን ከመሠረቱ ድምፅ በላይ እየተደራረበ ወደ ላይኛው ክልል ይዘልቃል። ባሱ ያበጠ፣ መሀሉ የጎደጎደ ኢርፎን በገናን ጉርምርምታ ያደርገዋል።

ከታች ወደ ላይ የሚሄደው ጉልበቱ ነው፤ በዴሲቤል ይለካል። 1 ዴሲቤል ልዩነት ብዙ ሰው ልብ አይለውም። 3 ዴሲቤል ይታወቃል። 10 ዴሲቤል ሲሆን «እጥፍ ጮኸ» የሚያስብል ነው። እዚህ ጋ አንድ ማጭበርበሪያ አለ፦ የግራፉን ቁመት 100 ዴሲቤል አድርገው ከሳሉት የትኛውም ኢርፎን ሜዳ ይመስላል፤ 30 ካደረጉት ያው ኢርፎን የስሜን ተራሮችን ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ግራፍ ከማወዳደራችሁ በፊት በግራ በኩል የተጻፉትን ቁጥሮች እዩ።

ሜዳ የሆነ መስመር ጥሩ ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኛም ተሳስተናል።

ድምፅ ከውጭ መጥቶ ታምቡራችን ጋ እስኪደርስ የጆሯችን ቅርጽ ይቀይረዋል። የጆሮ ቀዳዳ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ባዶ ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፋ እንደሚጮኸው እሱም የራሱ ድምፅ አለው፣ 3,000 ሄርዝ አካባቢ። ስለዚህ ፊት ለፊታችን ሆኖ የሚያወራን ሰው ድምፅ እንኳ ታምቡራችን ላይ ሲደርስ በዚያ ክልል ከ10 ዴሲቤል በላይ ጎልቶ ነው። አንጎላችን ይሄን ከልጅነቱ ለምዶታል። ኢርፎን ደግሞ ቀዳዳውን ደፍኖ ይህን የተፈጥሮ ማጉላት ያበላሻል፣ መልሶ መስጠት አለበት። በግራፉ ላይ 3,000 አካባቢ የምታዩት ጉብታ ጉድለት አይደለም። ጉብታው ከሌለ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላችኋል።

ታዲያ ጉብታው ምን ያህል ይሁን? ባሱስ? በዚህ ላይ ትልቁን ሥራ የሠሩት የሃርማን ኩባንያው ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ከ2012 ጀምሮ ለዓመታት። ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ ጥሩ ክፍል ውስጥ ያለ ጥሩ ስፒከር ጆሮ ላይ ምን እንደሚመስል ለኩ፣ ያንን በሄድፎን አስመሰሉት፣ ከዚያ ሰዎች ባሱንና ትሬብሉን እንደፈለጉ እንዲያስተካክሉ ፈቀዱ። የሁሉም ምርጫ ተሰብስቦ የወጣው መስመር ዛሬ «ሃርማን ታርጌት» ይባላል። ግራፎች ላይ ከኢርፎኑ መስመር ጎን በነጠብጣብ ወይም በግራጫ የሚሰመረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ባሱ በ5 ወይም በ6 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ያለ፣ መሀሉ የተረጋጋ፣ 3,000 ላይ ጉብታ ያለው፣ ከዚያ ቀስ እያለ የሚወርድ። ጆሮ ውስጥ ለሚገባው ኢርፎን ያወጡት ሌላ መስመር ነው፤ ባሱ ከዚህም ይበዛል።

ይሄ ሕግ ነው ማለት ግን አይደለም። በ2018 ባወጡት ጥናት 64 በመቶው ሰው ታርጌቱን ወደደ፣ 15 በመቶው ከዚያም በላይ ባስ ፈለገ፣ 21 በመቶው ባሱ ይቀነስልን አለ። ባስ ጨምሩልን ያሉት በብዛት ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ቀንሱልን ካሉት ውስጥ ሴቶችና ከ50 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች ይበዛሉ። ማለትም እናንተና እናታችሁ በአንድ ሄድፎን ብትጣሉ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሌላ ነገር፦ ባህል ምርጫን ይቀይራል ወይ ብለው በካናዳ፣ በአሜሪካ፣ በጀርመንና በቻይና ሞክረው ነበር። ምርጫው ተቀራራቢ ሆነ። አፍሪካ ግን የለችበትም፤ ስለዚህ የእኛ ጆሮ ምን እንደሚል በዚያ ሥራ ውስጥ አልተጠየቀም። ሃርማንም ጄቢኤልንና ኤኬጂን የሚሸጥ፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ በሳምሰንግ የተያዘ ነጋዴ መሆኑ አይረሳ።

በተግባር እንየው። ከ1997 ጀምሮ ያለው ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 መሀሉ ድንቅ ነው፣ የሰው ድምፅ ሕያው ሆኖ ይሰማል፤ ከ100 ሄርዝ በታች ግን መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። ለባስ ወዳድ አይሆንም። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ባሱ ከፍ ያለ፣ 8,000 ሄርዝ አካባቢ ደግሞ ሹል ጫፍ ያለው ነው፤ «ጥርት ያለ» የሚሉት አሉ፣ በ«ስ» የሚሰቃዩ አሉ። ኤኬጂ ኬ371 ታርጌቱን ተከትሎ የተሠራ ነው። ሦስቱም መጥፎ አይደሉም። ጥያቄው እናንተ የትኛው ቡድን ውስጥ ናችሁ ነው።

ውድ ነው ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም ስንል ደግሞ ከኪሳችን አይደለም። የሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ በ2017 የ283 ሄድፎኖችን ግራፍ ከዋጋቸው ጋር አስተያይቶ ዝምድና አላገኘባቸውም።

ግራፉ የሚዋሽበት ቦታ

ልኬቱ የሚወሰደው በሰው ጆሮ ሳይሆን በሠራሽ ጆሮ ነው። የተለያየ ሠራሽ ጆሮ የተለያየ መስመር ይሰጣል፤ ስለዚህ የአንዱን ድረ ገጽ ግራፍ ከሌላው ጋር አታወዳድሩ። እንደ ስኩዊግ ሊንክ ባሉት ላይ ሁለት ኢርፎን በአንድ ሰው ማሽን ተለክተው ስታገኙ ነው ማወዳደር። ከ10,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ደግሞ በጥርጣሬ እዩት። በብዛት የሚሠራበት ሠራሽ ጆሮ ደረጃው የሚታመነው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ኢርፎኑ በሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ እንኳ ጫፉ ቦታ ይቀይራል።

ትልቁ ስህተት ግን ከማሽኑ ሳይሆን ከጎማው ይመጣል። ከመካከላችን አንዱ የገዛውን ኢርፎን «ባስ የሚባል የለውም» ብሎ ለአንድ ወር ሲያማው ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የተረሳውን ትልቁን ጎማ ሲያደርግበት ያው ኢርፎን ሌላ ሆነ። አየር የሚያስገባ ክፍተት ካለ መጀመሪያ የሚጠፋው ባስ ነው። ሦስቱንም ጎማ ሳትሞክሩ አትፍረዱ፤ የግራና የቀኝ ጆሮ መጠን ሊለያይም ይችላል።

ሁለት ኢርፎን ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ሱቅ ውስጥ ቮልዩሙን ሞልቶ የሚያሰማችሁ ልጅ ይሄን ያውቃል። ድምፅ ሲቀነስም መጀመሪያ ከጆሮ የሚርቀው ባስ ነው። ታክሲ ውስጥ ባሱን ፍለጋ ቮልዩም የሚጨመረው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጮኽ ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። በደንብ የሚደፍን ጎማ እዚህም ይጠቅማል፣ የውጭውን ጫጫታ ስለሚቀንስ።

አዲስ መግዣ ለሌለው ደግሞ፦ አንድሮይድ ከሆነ ዌቭሌት የሚባለውን አፕ አውርዳችሁ የሄድፎናችሁን ሞዴል ፈልጉ፤ የተለካ ከሆነ ድምፁን ወደ ታርጌቱ ያስጠጋላችኋል። አይፎን ላይ በአክሰሲቢሊቲ ውስጥ «ሄድፎን አኮሞዴሽንስ» የሚል አለ፣ ከኤርፖድስና ከአንዳንድ የቢትስ ሞዴሎች ጋር ይሠራል። በኢኳላይዘር በእጃችሁ ስትነካኩ ባሱን ከመቆለል የበዛውን መቀነስ ይሻላል፤ ከተቆለለ ድምፁ ይሰነጠቃል።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ዕቃው ኦሪጅናል ከሆነ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ግራፍ የኦሪጅናሉ ነው፤ ስሙና ካርቶኑ አንድ የሆነው ፎርጅድ ውስጡ ምን እንዳለው ማንም አልለካውም። ከአንድ ሱቅ የታወቀ ስም ያለው ኢርፎን ገዝተን ግራፉ ላይ ያየነውን ባስ ብንፈልግ ብንፈልግ አጣነው። ጎማውን ቀየርን፣ አፕ አወረድን፣ ምንም። በመጨረሻ ካርቶኑን ገልብጠን ስናየው የሞዴሉ ስም አንድ ፊደል ተሳስቷል።