የናሙና ብዛት በአማካይ ውጤት አስተማማኝነት ላይ ያለው ተጽዕኖ

በግብርና ናሙና ጥናት ይፋ የሚደረገው በሄክታር የሚገኝ የጤፍ ምርት አማካይ፣ የአገሪቱን ማሳዎች በሙሉ በመመዘን የተገኘ አይደለም። በዕጣ ከተመረጡ ማሳዎች ላይ ጠባብ ቁራሽ ተለክቶ ሰብሉ ይታጨዳል፤ ተወቅቶም ይመዘናል። በመሆኑም ማሳው ያልተመዘነለት አርሶ አደር አማካዩ እንዴት ሊታወቅ እንደቻለ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው።

ከአንድ ዞን 9 ማሳዎች በዕጣ ተመርጠው ቢመዘኑ አንድ አማካይ ይገኛል። ዕጣው እንደገና ወጥቶ ሌሎች 9 ማሳዎች ቢመዘኑ አማካዩ ከመጀመሪያው ይለያል። ምርጫው ደጋግሞ ቢከናወን የሚገኙት አማካዮች በእውነተኛው የዞኑ አማካይ ዙሪያ ይሰባሰባሉ። ይህ አሰባሰብ የናሙና አማካይ ስርጭት ይባላል። በተግባር ግን ዕጣው የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ይፋ የሚሆነው አሃዝ ሊገኙ ይችሉ ከነበሩት በርካታ አማካዮች አንዱ ነው።

ለማሳያ ያህል የዞኑ እውነተኛ አማካይ በሄክታር 18 ኩንታል፣ በማሳዎች መካከል ያለው መደበኛ ልይይትም 6 ኩንታል ነው እንበል። የአማካዩ መደበኛ ስህተት የሚገኘው 6ን ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት በማካፈል ነው። በ9 ማሳዎች 2 ኩንታል፣ በ36 ማሳዎች 1 ኩንታል፣ በ144 ማሳዎች ደግሞ ግማሽ ኩንታል ይሆናል። ከ100 ናሙናዎች የ95 ያህሉ አማካይ ከእውነተኛው በሁለት መደበኛ ስህተት ክልል ውስጥ ይውላል፤ ይኸውም በ9 ማሳዎች ከ14 እስከ 22፣ በ144 ማሳዎች ከ17 እስከ 19 ኩንታል መሆኑ ነው። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን አራት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ የጥናት በጀት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

ናሙናው ሲበዛ የሚጠበው የአማካዩ ስርጭት እንጂ የማሳዎቹ ልዩነት አይደለም። ስለዚህ 10 ኩንታል ብቻ ያገኘ አርሶ አደር መኖሩ አማካዩን ሐሰት አያደርገውም።

የሕዝቡ ብዛትም እንደሚገመተው ወሳኝ አይደለም። በሚገባ የተማሰለ ወጥ ድስቱ ቢተልቅም ጨው የሚቀመሰው በዚያው ማንኪያ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ645 የቆጠራ ቦታዎች 16,650 ቤተሰቦችን አነጋግሮ ለአገር አቀፍና ለክልሎች የሚሆን መረጃ አስገኝቷል። ይሁንና በየክልሉ የተመዘገበው የሕፃናት ሞት ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ፣ የክልሎች የሞት ምጣኔ የተሰላው ከጥናቱ በፊት የነበሩት 10 ዓመታት ተጠቃለው ነው፤ ለአገር አቀፉ 5 ዓመት በቂ ሆኗል። ከዚህ መሰል ጥናት የአንድ ወረዳን አማካይ ማውጣት አይቻልም፤ ከወረዳው የተመረጡት ቤተሰቦች እጅግ ጥቂት ናቸው፣ ወይም ጭራሹን የሉም።

የናሙና ብዛት የማያርመው ጉድለትም አለ። ለመንገድ የቀረቡ ማሳዎች ብቻ ቢመዘኑ፣ በሺህ የሚቆጠር ናሙና ያንኑ የተዛባ አሃዝ በበለጠ እርግጠኝነት ይደግማል። በአንድ ቀበሌ ያሉ ማሳዎች ዝናቡንና አፈሩን ስለሚጋሩም፣ ከዚያው ቀበሌ ማሳ ከመጨመር አዲስ ቀበሌ መጨመር የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

ለዕቅድም ሆነ ለማመልከቻ የጥናት አሃዝ የሚጠቅሱ ተገልጋዮች ከአማካዩ ጋር የናሙናውን ብዛትና መደበኛ ስህተቱን አብረው መመልከት ይኖርባቸዋል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርቶች እነዚህ አሃዞች የሚገኙት የናሙና ስህተት ግምት በቀረበበት አባሪ ውስጥ ነው።