ኮንቪንስና ኮንቪክት፦ የሁለት ዘመዳሞች ታሪክ

በምስክርነት ሰዓት «ጌታ ኮንቪክት አደረገኝ» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። አንዳንዶቻችን በዚያው ቦታ «ኮንቪንስ አደረገኝ» እንላለን። ሁለቱ የእንግሊዝኛ ግሦች በድምፅ ይቀራረባሉ፣ በትውልድም ዘመዳሞች ናቸው። ዛሬ ግን ሥራቸው ለየቅል ነው።

ሁለቱም የመጡት «ኮንቪንኬሬ» ከሚለው የላቲን ግሥ ነው። «ቪንኬሬ» ማለት ድል ማድረግ ሲሆን ከፊቱ የተጨመረው «ኮን» አሳቡን ያጠነክራል። ሮማውያን ቃሉን ባላጋራን በማስረጃ አሸንፎ ስሕተቱን ወይም ጥፋቱን ማረጋገጥን ለመግለጽ ይጠቀሙበት ነበር። ለእኛ «ረታ» የሚለው ይቀርበዋል፤ በሙግት ያሸነፈው ረቺ፣ የተሸነፈው ተረቺ ነውና።

እንግሊዝኛ «ኮንቪክት»ን በመካከለኛው ዘመን፣ «ኮንቪንስ»ን ደግሞ በ16ኛው መቶ ዘመን ወሰደ። በመጀመሪያ ትርጉማቸው ብዙም አይራራቅም ነበር። ሼክስፒር በ«ማክቤዝ» ተውኔቱ የንጉሡን ጠባቂዎች በመጠጥ ማሸነፍን «ኮንቪንስ» ብሎታል። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስም በዮሐንስ 8፥46 ይህንኑ ግሥ ይጠቀማል። ዛሬ የሚያነብ ሰው ጌታ «ማን ሊያሳምነኝ ይችላል?» ያለ ሊመስለው ይችላል። የያኔው ትርጉም ግን ኃጢአተኛ መሆኔን ማን ያስረዳብኛል እንደ ማለት ነው።

ውሎ አድሮ ዘመዳሞቹ ርስት ተካፈሉ። «ኮንቪንስ» ወደ አእምሮ ሄዶ ማሳመን ሆነ። «ኮንቪክት» በፍርድ ቤት ቀርቶ ጥፋተኛ ብሎ መፍረድ ሆነ። ስለዚህ በ1881 እ.ኤ.አ. የወጣው የተሻሻለው የእንግሊዝኛ አዲስ ኪዳን በዮሐንስ 8፥46 «ኮንቪክት» አለ። ስለ መንፈስ ቅዱስ ሥራ በሚናገረው በዮሐንስ 16፥8 ላይም ይህንኑ ግሥ መረጠ። የግሪኩ ግሥ በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው። የእኛ የ1954 ዓ.ም. ትርጉምም በሁለቱም ስፍራ «ወቀሰ» የሚለውን ግሥ ይዞአል።

ልዩነቱን ማየት ከፈለጋችሁ 2ኛ ሳሙኤል 12ን አንብቡ። ነቢዩ ናታን ባለጠጋው የድሃውን አንዲት በግ እንደ ወሰደ ሲተርክለት ዳዊት ወዲያው ተቆጣ፤ በባለጠጋው ላይም ፈረደ። ድርጊቱ ክፉ እንደሆነ ፈጽሞ አምኖአል። ራሱን ግን ገና አላየም። ናታን ጣቱን ወደ እርሱ ባዞረ ጊዜ ብቻ ተረታ፤ በደሉንም ተናዘዘ።

እኔም ስለ ይቅርታ ሳስተምር የወንድሜን ስልክ የማላነሣበት ጊዜ ነበር። ጥቅሶቹን አውቃቸዋለሁ፤ እውነት መሆናቸውን አልጠራጠርም። «ኮንቪንስ» ሆኛለሁ ማለት ነው። አንድ ቀን አንድ ተማሪዬ ከትምህርቱ በኋላ «መምህር፣ እርስዎ ግን የሚያስቸግርዎ ሰው የለም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በዚያው ማታ ደወልኩ።

እንግሊዝኛ የከፈለውን የእኛው «አመነ» አንድ ላይ ይዞታል። ወንጌልን የተቀበለ ሰው «አመነ» ይባላል፤ በዳኛ ፊት ጥፋቱን የተቀበለ ተከሳሽም «አመነ» ይባላል። እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ ስብከቱን ሰምታችሁ «እውነት ነው» ብላችሁ ስትወጡ በየትኛው መንገድ እንዳመናችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መረታትንም አትፍሩ። ናታን በደሉን በገለጠበት አንደበት ለዳዊት የይቅርታውን ቃል አሰምቶታልና።