አለፈ፣ ወደቀ፣ አቋረጠ፤ የበይነ መረብ ተማሪ ስኬት እንዴት ሲለካ ቆየ?

እ.ኤ.አ. በ2008 ጆርጅ ሲመንስና ስቲቨን ዳውንስ በካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ በኩል በበይነ መረብ ያስተማሩት ኮርስ ሁለት ዓይነት ተማሪ ነበረው። ትምህርቱ ስለ ኮኔክቲቪዝም፣ ማለትም ዕውቀት በሰዎችና በምንጮች ትስስር ውስጥ ይገኛል ስለሚለው አስተሳሰብ ነበር። ከፍለው የተመዘገቡት 25 ገደማ ሲሆኑ፣ ጽሑፍ እያቀረቡ ውጤት ይሰጣቸው ነበር። በነጻ የገቡት ግን ከ2,000 በላይ ነበሩ፤ ለእነዚህ ውጤት አልተሰጠም። ያሻቸውን ያነባሉ፣ በየገጻቸው ይጽፋሉ፣ የጻፉትም ተሰብስቦ በዕለታዊ መልእክት ለሌሎች ይደርሳል። መማራቸው የሚታየው በዚሁ ልውውጥ ነበር።

በ2011 የስታንፎርድ መምህራን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰጡት ነጻ ኮርስ ወደ 160,000 ሰዎችን መዘገበ። እርማቱ የኮምፒውተር ነበር፤ የጨረሱት ከ20,000 በለጡ። ከዚያ ወዲህ ስለ ስኬት የሚደረገው ክርክር በአመዛኙ በአጠናቃቂዎች ድርሻ ዙሪያ ሆነ። ይህ ቁጥር ምቹ ነው፤ በቀላሉ ይሰላል። ነገር ግን ከመማሪያ ክፍል የተወረሰ መለኪያ በመሆኑ፣ የተመዘገበ ሁሉ ለመጨረስ እንደገባ ይቆጥራል።

አማርኛም ከዚህ ውርስ ነጻ አይደለም። «አለፈ» እና «ወደቀ» ፈተና የቆመበትን መንገድ ያስባሉ፤ «አቋረጠ» ደግሞ ተጀምሮ መፈጸም የነበረበትን ነገር። አንድ ርእስ ብቻ ፈልጎ ገብቶ፣ ያንኑ ተምሮ የወጣ ሰው ከሦስቱ በአንዱም በትክክል አይጠራም። በመዝገቡ ግን ካቋረጡት ጋር ይደመራል፤ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ያልተመለሰውም እንዲሁ።