በጣና ዙሪያ የኖሩት የፖርቱጋል ወታደሮች ልጆች አስተዳደግ (1543–1669)

በባሕር ዳር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚታየው አሮጌ የድንጋይ ሕንፃና በጢስ ዓባይ ያለው የዓላታ ድልድይ በተለምዶ «የፖርቱጋሎች ሥራ» ይባላሉ። ስለ ድንጋዩ ብዙ ተጽፏል፤ በዚሁ አገር ተወልደው ስላደጉት የፖርቱጋሎች ልጆች ግን የተነገረው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፥ ከአገሩ የተለየ አባት በሰው አገር ለሚወልደው ልጅ ምን ሊያወርሰው እንደሚችል፥ ምንስ ከእጁ እንደሚያመልጥ በእነዚህ ሰዎች ታሪክ መመርመር ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1541 ዓ.ም. ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ወታደሮች አስከትሎ በምጽዋ ወረደ። እርሱ በ1542 ከወፍላ ጦርነት በኋላ ተማርኮ ሲገደል፥ የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋራ ሆነው በየካቲት 1543 ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ ተዋጉ፤ ኢማም አሕመድም በዚያ ወደቀ። ከድሉ በኋላ ብዙዎቹ መሬት ተሰጥቷቸው የአገሩን ሴቶች አግብተው ተቀመጡ። በ1557 ቱርኮች ምጽዋን በያዙ ጊዜ የመመለሻው በር ተዘጋ። ለጊዜው የመጣ ጭፍራ እንዲህ ሆኖ ባለቤትና ባለልጅ ሆነ።

በእንዲህ ያለው ቤት አባት የነበረው ሀብት ስሙ፥ ነፍጡና ሃይማኖቱ ነበር። ልጅ ግን አፉን የሚፈታው በእናቱ ቋንቋ ነው፤ ዘመድ አዝማዱም፥ ምግቡም፥ የጨዋታ ጓደኛውም ከእናቱ ወገን ነው። በአማራው ሥርዐት ደግሞ ርስት በአባትም በእናትም ስለሚቈጠር፥ የባዕድ ልጅ መባል ብቻውን ከምድሩ አያስወጣም፤ በእናቱ በኩል የሚጠይቀው አጥንት አለው። የነፍጡም ሙያ ቢሆን የጸናው አገሩ ስፍራ ስለ ነበረው ነው። ለጭፍራ መሬት ሰጥቶ በውትድርና ማኖር የቆየ የመንግሥት ልማድ ስለ ሆነ፥ የወታደሩ ልጅ በአባቱ ቦታ በራሳቸው አለቃ ሥር ይሰለፍ ነበር። እንግዲህ «ፖርቱጋል» መባል ከጊዜ በኋላ የትውልድ አገር ስም ከመሆን ይልቅ የጭፍራ ስም ወደ መሆን ተጠጋ።

ብርቱው ችግር በሃይማኖት ላይ ታየ። ጳጳሱ አንድሬስ ዴ ኦቪዬዶ በ1577 በፍሬሞና ከሞተ በኋላ ካህናቱ እየጐደሉ ሄዱ። በ1598 መልኪዮር ዳ ሲልቫ የሚባል ሕንዳዊ ካህን ከጎዋ ተላከላቸው፤ በ1603ም እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ ገብቶ ፍሬሞና ላይ ልጆቹን ማስተማር ጀመረ። ፓኤዝ የትምህርተ ሃይማኖቱን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ያስመለሰው በፖርቱጋሎቹ አለቃ በጆአዎ ጋብርኤል ረዳትነት ነው፤ በ1604ም ተማሪዎቹን ይዞ በአፄ ዘድንግል ፊት ቀርቦ ስለ ትምህርታቸው እንዲመልሱ አደረገ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ የአባቶቹ ሃይማኖት ለልጅ ልጆቹ ሊደርስ የቻለው በእናቶቹ አገር ቋንቋ ሲነገር ብቻ ነበር።

ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበል የእነዚህ ቤተ ሰቦች ዕድል የተቃና መሰለ። ነገር ግን ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ተመለሰ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ። ካህናቱ የሚመለሱበት አገር ነበራቸው፤ በዚህ የተወለዱት ግን አልነበራቸውም። በ1669 ገደማ በአፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን «አፍርንጅ» የተባሉት ወይ የአገሩን ሃይማኖት እንዲቀበሉ ወይ እንዲወጡ ታዘዘ። ያልተቀበሉት ወደ ስናር ሄዱ። ከወይና ደጋ ጦርነት 126 ዓመት አልፎ ነበርና፥ የሚሰደዱት ሰዎች የአያቶቻቸውን አገር ከስሙ በቀር አያውቁትም። የተቀበሉት ቀርተው ከሕዝቡ ጋራ ተዋሕደዋልና ዛሬ ለይቶ የሚያወጣቸው የለም።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ አባት የሚያወርሰው ነገር ሁሉ በአባት ፈቃድ ብቻ እንደማይጸና ነው። ነፍጡ የቆየው አገሩ ስለ ፈለገው ነው፤ ቋንቋው የጠፋው በቤት ውስጥ የሚናገረው ስላልነበረ ነው፤ ሃይማኖቱ የተቋረጠው መንግሥት ስለ ከለከለው ነው። ዛሬ በሰው አገር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸውና፥ ጥያቄው ለታሪክ ተመራማሪ ብቻ የተተወ አይደለም።