የደጂማ ድልድይ

ጃፓን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሯን ቆልፋ መኖሯን ያልሰማ አንባቢ ጥቂት ነው። መቆለፏን የሚገልጸው ስም ግን የመጣው በባዕድ መጽሐፍ ሰበብ ነው። «ሳኮኩ» የሚለውን ቃል፣ «የተቆለፈች አገር» ማለት ነው፣ በ1801 የፈጠረው ሺዙኪ ታዳኦ የተባለ የናጋሳኪ ምሁር ነበር (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ሺዙኪ ቃሉን ያወጣው ኤንገልበርት ኬምፕፈር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ስለ ጃፓን የጻፈውን ድርሰት ከሆላንድኛ ሲተረጉም ነው። ይህ የሆነው በሩ ተዘጋ ከተባለ ከ160 ዓመት በኋላ ነው። በሩ በእርግጥ ግጥም ብሎ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ የጀርመናዊው መጽሐፍ በየት በኩል ገባ? ተርጓሚውስ ሆላንድኛውን ከማን ተማረ?

ስለ ጃፓኖችና ስለ ባዕድ ሁለት ወሬዎች ሲነገሩ ኖረዋል። አንደኛው እንግዳ የማይወዱ፣ በባሕር ተከልለው ብቻቸውን መኖር የሚመርጡ ሕዝብ ናቸው ይላል። ሁለተኛው የሌላውን ሥራ እንደነሱ ፈጥኖ የሚቀዳ የለም ይላል። ለሁለቱም ማስረጃ ሞልቷል፤ ያልተመለሰው ጥያቄ አንድ አገር ሁለቱንም ባሕርይ እንዴት ሊይዝ ቻለ የሚለው ነው። እኔ የማየው እንዲህ ነው፦ የጃፓን ገዢዎች ከውጭ የመጣውን ነገር ተጠቅልሎ እንደመጣ አልተቀበሉትም፣ ተጠቅልሎ እንዳለም አልጣሉትም። ጥቅሉን ፈትተው ሸቀጡን ለብቻ፣ ዕውቀቱን ለብቻ፣ እምነቱን ለብቻ፣ ሰውየውንም ለብቻ መዘኑ። ለየአንዳንዱም የተለያየ ፍርድ ሰጡ።

ይህ ልማድ ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። በ1543 ፖርቱጋሎች ታኔጋሺማ ደሴት ላይ ሲደርሱ የገጠማቸው ጉጉት እንጂ ጥላቻ አልነበረም። የደሴቲቱ መስፍን ነፍጥ ገዛቸው፤ አንጥረኞቹም ወዲያው መሥራቱን ተማሩ፤ ነፍጡም ለረጅም ዘመን «ታኔጋሺማ» እየተባለ ተጠራ። በ1575 በናጋሺኖ ጦርነት የጦር መስፍኑ ኦዳ ኖቡናጋ በነፍጠኞቹ የጠላቱን ፈረሰኛ አንኮታኮተ። ይኸው ኖቡናጋ በ1581 የካቶሊክ ሰባኪዎቹ ኢየሱሳውያን ይዘውት የመጡትን ጥቁር አፍሪካዊ ሲያይ የቆዳው ቀለም እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ገላውን አሳጠበው፤ ካመነ በኋላም ያሱኬ ብሎ በአሽከርነት አስከተለው። (ያሱኬን ኢትዮጵያዊ የሚያደርጉት አሉ፤ ለማመን የሚያበቃ ማስረጃ ግን አላቀረቡም።) ከነፍጡ ጋር ሃይማኖቱም ገባ። በ1549 ኢየሱሳዊው ሰባኪ ፍራንሲስ ዣቪዬር ካጎሺማ ወረደ፤ በ1580 አንድ የተጠመቀ መስፍን የናጋሳኪን ወደብ ለኢየሱሳውያን አሳልፎ ሰጠ።

ገዢዎቹን ያባነናቸው ይህ የመጨረሻው ነው። የገዛ ዜጋቸው የሩቅ ጳጳስን ትእዛዝ ከመስፍኑ ትእዛዝ ካስቀደመ ገና በጦርነት አንድ እየሆነች የነበረችው አገር ተመልሳ ትበታተናለች ብለው ፈሩ። በ1587 ከኖቡናጋ ቀጥሎ የገዛው ሂዴዮሺ ሰባኪዎች እንዲወጡ አዘዘ፤ በ1597 በናጋሳኪ 26 ክርስቲያኖች ተሰቀሉ፤ በ1614 የቶኩጋዋ መንግሥት እምነቱን በመላ አገሪቱ ከለከለ። በ1635 ደግሞ ጃፓናዊ ከአገር እንዳይወጣ፣ ወጥቶ የቀረም እንዳይመለስ በሞት ቅጣት ታወጀ። በ1637 በሺማባራ ግብርና ረኀብ ያስመረረው ገበሬ፣ አብዛኛው ክርስቲያን ነበር፣ ሲያምፅ የመንግሥቱ ፍርሃት እውን የሆነ መሰለ። በ1639 ፖርቱጋሎች ተባረሩ። በተከታዩ ዓመት ከማካዎ ንግዱ እንዲቀጥል ሊለምኑ የመጡ መልእክተኞች ከተከታዮቻቸው ጋር በድምሩ 61 ሰው ሆነው ተሰየፉ፤ ወሬውን እንዲያደርሱ ጥቂት መርከበኞች ብቻ ተመለሱ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ዘመን እንግዳ አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በዐዋጅ አስገብተው አገሩ በደም ከታጠበ በኋላ፣ በ1632 የነገሡት ዐፄ ፋሲል እነዚሁኑ ኢየሱሳውያን ከአገር ያስወጡት በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው።

እንደ ፖርቱጋሎች ለንግድ የመጡት ሆላንዶች ግን አልተባረሩም። በሺማባራ ዐመፀኞቹ የመሸጉበትን ምሽግ በመርከባቸው መድፍ ደብድበው ለሾጉኑ፣ ለአገሪቱ ወታደራዊ ገዢ፣ አገልግለዋል፤ ክርስቲያን ሆነው ክርስቲያን ላይ መተኮሳቸው አሳፋሪ ቢሆንም ለንግዳቸው በጀ። በ1641 ደጂማ ወደምትባል በናጋሳኪ ወደብ ውስጥ በሰው እጅ ወደተሠራች ደሴት ተዛወሩ። ደጂማ የማራገቢያ ቅርፅ ነበራት፤ ርዝመቷ 120 ሜትር፣ ወርዷ 75 ሜትር ገደማ ነበር። ከከተማው ጋር የሚያገናኛት አንዲት አጭር ድልድይ ስትሆን በድልድዩ ላይ ዘበኛ ይቆም ነበር። ሆላንዶች ያለ ፈቃድ አይወጡም ነበር፤ ከጃፓን ወገን የሚገቡትም ሹማምንት፣ አስተርጓሚዎች፣ የተፈቀደላቸው ነጋዴዎችና ከማሩያማ ሠፈር የሚላኩ ሴቶች ነበሩ። የጣቢያው ሹም በየጊዜው እስከ ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ተጉዞ ለሾጉኑ እጅ ይነሣ ነበር። ኬምፕፈር በ1691 አብሮ ሲሄድ ሾጉኑ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ እንዲዘፍን፣ እንዲጨፍር፣ በቋንቋው እንዲናገር አዞታል። ውርደት ነው፤ ግን ጠልቶ ላያይ የፈለገ ሰው እንዲህ አያደርግም። በሩም አንድ ብቻ አልነበረም። ቻይናውያን ከሆላንዶች የሚበልጥ ንግድ ነበራቸው፤ ከ1689 ጀምሮ በናጋሳኪ እስከ 2,000 ሰው በሚይዝ በታጠረ ሠፈር ይቀመጡ ነበር። ከኮሪያ ጋር በጹሺማ፣ ከሪዩኪዩ ጋር በሳጹማ፣ ከአይኑዎች ጋር በማጹማዬ በኩል መገናኛ ነበር። አራት በር ያለውን ቤት ዝግ ነው ማለት ይከብዳል፤ በየበሩ ዘበኛ አለው ማለት ይቀላል።

በደጂማ በር ከገቡት ሁሉ የከበደው ሸቀጥ ወረቀት ነው። ሆላንዶች በየዓመቱ መርከብ ሲመጣ የዓለሙን ወሬ ጽፈው እንዲያስረክቡ ይገደዱ ነበር፤ የአሜሪካ መርከቦች እየመጡ መሆናቸውም በ1852 በዚሁ መንገድ ተነግሯል። በ1720 ሾጉን ዮሺሙኔ በውጭ መጻሕፍት ላይ የነበረውን እገዳ አላልቶ ስለ ክርስትና የማይሰብኩት እንዲገቡ ፈቀደ። በ1771 ሱጊታ ጌንፓኩና ባልንጀሮቹ በኤዶ ዳርቻ በሞት የተቀጣች ሴት አስከሬን ሲከፈት ለማየት ሄዱ፤ በእጃቸው የያዙት የሆላንድኛ የአካል ጥናት መጽሐፍ ነበር። ሥዕሉ ከሚያዩት አስከሬን ጋር አንድ ሆነ፤ ከቻይና የወረሱት የሕክምና መጽሐፍ ግን አልገጠመም። ከመካከላቸው ቋንቋውን በደንብ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሆኖም ከሦስት ዓመት ልፋት በኋላ በ1774 ትርጉሙን አሳተሙ። ሱጊታና ጓደኞቹ አንድን ሆላንዳዊ ወደ ቤታቸው አላስገቡም፤ መጽሐፉን ግን አስገቡት።

ሰውየውና ዕውቀቱ ሲለያዩ ምን እንደሚመስል ከጆቫኒ ሲዶቲ ታሪክ ይበልጥ የሚያሳይ አላውቅም። ይህ የሲሲሊ ቄስ በ1708 ፀጉሩን እንደ ጃፓን ወታደር ተላጭቶ፣ ልብሳቸውን ለብሶ ያኩሺማ ደሴት ላይ ብቻውን ወረደ፤ ወዲያውም ተያዘ። ኤዶ ተወስዶ የመረመረው የሾጉኑ አማካሪ አራይ ሃኩሴኪ ነበር። ሃኩሴኪ ስለ ምድርና ስለ ከዋክብት ሲጠይቀው በዕውቀቱ ተደነቀ፤ ስለ እምነቱ ሲናገር ግን ከሌላ ሰው ጋር የሚነጋገር ያህል ተሰማው፤ ቂልነት ነው ሲል ፈረደ። ለመንግሥቱም ሦስት ምክር አቀረበ፦ ከሁሉ የሚሻለው ወደ አገሩ መመለስ፣ መካከለኛው ማሰር፣ የከፋው መግደል። መንግሥቱ መካከለኛውን መረጠ። ሲዶቲ የሚያገለግሉትን ባልና ሚስት አጠመቀ ተብሎ ወደ ባሰ እስር ተጣለ፣ በ1714ም ሞተ። ሃኩሴኪ ከእሱ የሰማውን ስለ ምዕራቡ ዓለም በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮ አቆየው። ቄሱ በጓዳ ሞተ፤ የነገረው ጂኦግራፊ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ።

ሊከራከረኝ የሚነሣ ሰው አለ። «ይህ የአንድ አምባገነን መንግሥት ሥራ ነው፤ የሕዝቡ አመለካከት የት አለ?» ይላል። እውነት አለው። ክርስቲያን አለመሆኑን ለማረጋገጥ ቅዱስ ሥዕል እንዲረግጥ የተገደደውን ገበሬ ማንም አላማከረውም። በ1865 ፈረንሳዊ ቄስ ናጋሳኪ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሠርቶ ሲቀመጥ ከኡራካሚ መንደር የመጡ ሰዎች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በድብቅ ያቆዩትን እምነት ነገሩት፤ መንግሥት በዐዋጅ ያጠፋውን ሕዝቡ በልቡ ይዞት ነበር። እኔም የምናገረው ስለ ጃፓናዊ ደም አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላምንም። የምናገረው በሕግ፣ በድልድይና በዘበኛ ስለተሠራ ልማድ ነው። ልማዱም ሰውን ዋጋ አስከፍሏል። በደጂማ የነበረው ሐኪም ዚቦልድ የአገሪቱን ካርታ ሊያወጣ ሲል ተይዞ በ1829 ሲባረር ካርታውን የሰጠው ሹም እስር ቤት ውስጥ ሞቶ ነበር፤ የዚቦልድ የሁለት ዓመት ልጅ ኢኔም ከእናቷ ጋር ቀረች። ኢኔ አድጋ በምዕራባዊ ሕክምና የሠለጠነች የመጀመሪያዋ ጃፓናዊት ሐኪም ተባለች። ትምህርቱ ተፈቀደላት፣ አባቷ አልተፈቀደላትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ «ዘበኛው ብልህ ከነበረ በ1853 የአሜሪካዊው የፔሪ አራት መርከቦች ሲመጡ አገሪቱ ለምን እጇን ሰጠች?» የሚል ነው። መልሴ፦ ዕውቀትን በመጽሐፍ ብቻ የሚያስገባ በር ከመስኮት አይበልጥም፤ መስኮት ደግሞ በር አይሆንም። የሳጋ መስፍን ሰዎች በ1850 የሆላንድኛ መጽሐፍ ብቻ ይዘው የብረት ማቅለጫ ምድጃ ሠርተዋል፤ መድፍ የሚሆን ብረት ያገኙት ግን ደጋግመው ከከሸፈባቸው በኋላ ነው። መጽሐፍ የማይነግረውን የአንጥረኛ እጅ ነው የሚያሳየው፤ አንጥረኛው ደግሞ ድልድዩን እንዳይሻገር ተከልክሏል። ሆኖም ምድጃው ከፔሪ በፊት መሠራቱን ልብ ይሏል። ከዚያ በኋላ የታየው ፍጥነት ያለዚያ የዝግጅት ዘመን አይገባኝም።

የዚህ ሁሉ መቋጠሪያ የሚሆን ሰው ኢቶ ሂሮቡሚ ነው። በ1863 መግቢያ ላይ «ባዕድን አስወጡ» ከሚሉት ወጣቶች ጋር ሆኖ በኤዶ እየተሠራ የነበረውን የእንግሊዝ ሌጋሲዮን አቃጠለ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ተደብቆ ወደ ለንደን ለትምህርት ተሳፈረ። ብዙዎች ይህን መገለባበጥ ይሉታል፤ እኔ ግን ያው የድልድዩ ዘበኛ ሆኖ ይታየኛል። ቤቱን ያቃጠለው ሰውየው እንዲወጣ ነው፤ የሄደው ዕውቀቱን ራሱ ሄዶ ሊያመጣ ነው። የሾጉኖቹ አገዛዝ ካበቃ በኋላ በመጣው በሜጂ ዘመን መንግሥቱ በሺህ የሚቆጠሩ የውጭ መምህራንና መሐንዲሶች ቀጠረ፤ ስማቸው «ኦያቶይ» ነበር፣ «ቅጥረኞች» ማለት ነው። ደመወዛቸው ከፍተኛ፣ ውላቸው አጭር ነበር፤ ተማሪዎቻቸው ሲበቁ ተሸኙ። ኢቶ በ1882 ወደ አውሮፓ ተመልሶ ከበርሊንና ከቪየና መምህራን ሕግ ተማረ፤ የ1889ን ሕገ መንግሥትም አረቀቀ።

ይህ ሕገ መንግሥት ወደ እኛም መጥቷል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1931) በአዲስ አበባ የተፈረመውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሲያረቅቁ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ዋና አርአያ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በዚያው በ1931 መጨረሻ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎበኙ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። የዚያ ትውልድ ምሁራን ጃፓን ነጭ ያልሆነ ሕዝብ ሳይገዛ ሊሠለጥን እንደሚችል ስላሳየች አደነቋት፤ ወዳጅነትም ጠበቁባት። አድናቆቱ ተገቢ ነበር። የተጠበቀው ወዳጅነት ግን ያንን የመመዘን ልማድ ያላስተዋለ ይመስለኛል። በ1935 ጣልያን ሊወር ሲዘጋጅ ብዙ ጃፓናውያን ለኢትዮጵያ ድምፃቸውን አሰምተው ነበር፤ ዘማች ለመሆን የጠየቁም ነበሩ። መንግሥቱ ግን ማንቹሪያን ይዞ ስለነበር ጣልያን ይህን እንድትቀበልለት ይፈልግ ነበር። በ1936 መጨረሻ ጃፓን በአዲስ አበባ የከፈተችውን ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላ ለወጠች፤ ትርጉሙም ኢትዮጵያ የጣልያን ናት ብሎ መቀበል ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያን ጊዜ እንግሊዝ አገር በስደት ላይ ነበሩ።