«ዛሬ አንነሣም» ማለትም እምነት ነው

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. አንዲት ትዊን ኦተር አውሮፕላን 16 ሰዎች ይዛ ከአዲስ አበባ ተነሣች። መድረሻዋ በጋምቤላ የሚገኘው የፉኝዶ ካምፕ ነበር። በዚያ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሰዎች፣ ከወላጆቻቸው የተለዩ ሕፃናትም ተጠልለው ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ በአሜሪካ ምክር ቤት የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴን የሚመሩት ሚኪ ሌላንድ ነበሩ። አውሮፕላኗ አልደረሰችም። ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ከተራራ ጋር ተላትማ ተገኘች፤ ከ16ቱ አንድም ሰው አልተረፈም። የሌላንድ ባለቤት በዚያን ጊዜ መንታ ልጆች አርግዘው ነበር።

የአገራችን የክረምት ሰማይ ለትንሽ አውሮፕላን ለምን ይከብዳል? ጮቄን አስቡ። በአምበርና በቢቸና አካባቢ ያላችሁ ወገኖች በክረምት ተራራው በደመና ተሸፍኖ ሲሰነብት ታውቃላችሁ። ከፍታው ወደ 4,100 ሜትር ይደርሳል። አብራሪው ተራራውን እንዳይነካ ከፍ ቢል አየሩ ይሳሳል፤ አብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ የአየር ግፊት መጠበቂያ የላቸውም። ወደ 5,000 ሜትር ሲጠጋ በደመናው ውስጥ ያለው የውሃ ጠብታ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ፣ ክንፍ ሲነካ ወዲያው በረዶ ይሆናል። በረዶው የክንፉን ቅርጽ ያበላሻል፣ ክብደት ይጨምራል፣ የፍጥነት መለኪያውን ቱቦ ሊደፍን ይችላል። ዝቅ ቢል ደግሞ ደመናው የሸፈነው ተራራ ይጠብቀዋል። ከላይ በረዶ፣ ከታች ድንጋይ! እንዲህ ባለ ቀን ያለው አስተማማኝ መንገድ መመለስ ወይም መጀመሪያውኑ አለመነሣት ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን አንብቡ። የጾሙ ወራት አልፎ ክረምቱ ሲቀርብ፣ ጳውሎስ ጉዞው ጥፋት እንዳለበት አስጠነቀቀ። የመቶ አለቃው ግን ከጳውሎስ ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤት ሰማ። ለስለስ ያለ የደቡብ ነፋስ ሲነፍስም ያሰቡት የተሳካ መሰላቸው። ብዙም ሳይቆይ ማዕበሉ መጣ። 276ቱም ነፍሳት በእግዚአብሔር ምሕረት ዳኑ፤ መርከቡ ግን ተሰባበረ።

ይህን የምንለው በፉኝዶ መንገድ ላይ በወደቁት ለመፍረድ አይደለም። ለተራቡት ሲሄዱ ሞቱ፤ በክብር ልናስባቸው ይገባል። ነገር ግን የሥራው መልካምነት ደመናውን አይገፍፍም። ጌታችን ራሱ ከመቅደስ ጫፍ እንዲዘል በተፈተነ ጊዜ አባቱን አልተፈታተነም።

እኛስ? ወንዝ ሞልቶ ሳለ ለስብከት እንሻገራለን። በሌሊት ጭጋግ የአባይን በረሃ ለኮንፈረንስ እንወርዳለን። ሾፌሩ «ይደር» ሲል «እምነት የለህም» እንለዋለን። ወገኖቼ፣ ይህ እምነት አይደለም። ነፍስ የተሰጠችን አደራ ናት፤ የተጫንነው ሰውም የሌላ ቤት አባት፣ የሌላ ቤት እናት ነው። «ዛሬ አንነሣም» የሚለውን አገልጋይ እናክብረው። ያቺ የምትዘገይ አንድ ቀን በጌታ ፊት የባከነች አይደለችም።

ጌታ ሆይ፣ የምንሄድበትን ልብ እንደ ሰጠኸን የምንቆይበትንም ጥበብ ስጠን። አሜን።