ስንዴውን እናውቃለን፣ ማሩንስ? የአርሲ ደጋ የንብ ታሪክ

ስለ አሰላና ስለ አርሲ ሲነሳ ሁላችንም ቀድሞ የሚታወሰን ስንዴው ነው። ይህ ደጋ ግን የማር አገርም ነው። ንብ ደግሞ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለችም፤ 16ኛው የቁርኣን ምዕራፍ ሱረቱ አን-ነሕል በስሟ ተጠርቷል። በ68ኛው አንቀጽ ንብ ቤቷን የምትሠራባቸው ሦስት ስፍራዎች ተጠቅሰዋል፦ ተራራ፣ ዛፍና ሰው የሚሠራው። አርሲ ሦስቱም አሉት፤ የጭላሎ ተራራ፣ የኮሶ ዛፍና የገበሬው ቀፎ።

በድሮው ሥርዓት ማር በጉንዶ እየተለካ ለግብር የሚከፈል ሀብት ነበር። ሌላው ማሩን ጠጅ ሲጥል፣ ሙስሊሙ በውኃ በጥብጦ ሳይብላላ ይጠጣዋል፤ ብርዝ የምንለው ይህ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አደይና ሜጭ ሲያብቡ ንቦች ይቀስማሉ፤ ከዚያ በጥቅምትና በኅዳር ማር ይቆረጣል።

እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ካዱ የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ተሰራጨ፣ የስንዴ ምርት አደገ። ትራክተር ሲበዛ ግን ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተፈናቀሉ፤ የግጦሽ መሬትም ታረሰ።

ስንዴ ለእኛ እንጀራ ነው፤ ለንብ ግን የምትቀስመው ጣፋጭ ፈሳሽ የለውም። በማሳው መካከል የሚበቅለው ሜጭ ለገበሬው አረም፣ ለንብ ቀለብ ነው። ፀረ አረም ሲረጭ ቀለቧ ይጠፋል፤ አበባ ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ ደግሞ እሷው ትሞታለች። ጉዳቱ በማር ብቻ አያበቃም፤ ባቄላና ጎመንዘር ንብ ስትጎበኛቸው የተሻለ ያፈራሉ።

ድካሟንም እናስብ። በሥራ ወቅት አንዲት ሠራተኛ ንብ የምትኖረው ስድስት ሳምንት ገደማ ነው። በዕድሜዋ ሙሉ የምታበረክተው ማር የሻይ ማንኪያ አንድ አሥራ ሁለተኛ ያህል ብቻ ነው። አበባ ያገኘች ንብ አቅጣጫውንና ርቀቱን ለእህቶቿ በጭፈራ ትነግራለች። ይህን ቋንቋ የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል።

ውድ ወጣቶች፣ ብዙዎቻችን ከተማ ብንኖርም ገጠር ቤተሰብ አለን። አበባ ባለበት ማሳ ፀረ ተባይ እንዳይረጩ፣ ግድ ከሆነም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ማታ እንዲረጩ፣ ቀፎ ላለው ጎረቤት ቀድመው እንዲነግሩ፣ በማሳው ዳር አበባ እንዲተዉ እንንገራቸው። ስንዴውም ማሩም የአላህ ጸጋ ነው፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ማጥፋት የለብንም።